የክሮኖ ሳይክል ክራንክ ስንት ይሁን? ከደሴና ከኮምቦልቻ ተደጋግመው የሚመጡ ጥያቄዎች

ክሮኖ፣ ማለትም ከሰዓት ጋር የሚደረገውን የሳይክል ውድድር፣ የሚሠሩ ልጆች ደሴም ኮምቦልቻም ሲያገኙኝ ድሮ የሚጠይቁኝ ስለ ጎማና ስለ ፍሬም ነበር። አሁን አሁን ጥያቄው ክራንክ ላይ በዝቷል። ደስ ብሎኛል። አብዛኞቻችን ሳይክሉ ይዞት የመጣውን ክራንክ ሳንጠይቅ ተቀብለን እንነዳለን። ክሮኖ ላይ ግን ጎንበስ እንዳልን መቆየት መቻል አለመቻላችንን ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ እሱ ነው። የሚደጋገሙትን ጥያቄዎች ሰብስቤ እዚህ መልሻለሁ።

ክራንክ የቱ ነው? ርዝመቱስ ከየት እስከ የት ይለካል?

ክራንክ ፔዳሉን የሚይዘው ክንድ ነው። ርዝመቱ የሚለካው ክራንኩ ከሚዞርበት የመሀል አክስ እምብርት እስከ ፔዳሉ አክስ እምብርት ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ አይለካም። ኮርስ (የተለመደው የአስፋልት ውድድር ሳይክል) እና ክሮኖ ሳይክሎች ላይ በብዛት የምታገኙት 165፣ 170፣ 172.5 እና 175 ሚሊ ነው። 160፣ 155 እና 150 ሚሊም ይሠራል፤ እነዚህን ግን አፈላልጎ ማስመጣት ይጠይቃል።

የእኔ ስንት እንደሆነ በምን አውቃለሁ?

ፔዳሉን ወደ ታች አዙሩት። ከዚያ ዝቅ ብላችሁ ክራንኩን ከውስጥ በኩል፣ ወደ ፍሬሙ በሚያየው ገጽ ላይ፣ ፔዳሉ ከሚገባበት ቀዳዳ አጠገብ ተመልከቱ። ብዙ ጊዜ ቁጥሩ እዚያ ተቀርጿል። የካቴና ቅባትና አቧራ ተጋግሮ ስለሚሸፍነው ናፍጣ በነካ ጨርቅ ጠንከር አድርጋችሁ አሹት። አንዳንዱ ክራንክ ላይ ቁጥሩ በጣም ደቃቃ ነውና የስልክ መብራት ያስፈልጋችኋል።

ቁጥሩ ተፍቆ ከጠፋ ሌላ መንገድ አለ። ሳይክሉን ግድግዳ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አስደግፉ። አንዱን ፔዳል ሽቅብ ቀጥ አድርጉና ከወለሉ እስከ ፔዳሉ አክስ እምብርት በሜትር ለኩ። ሳይክሉን ሳታንቀሳቅሱ ያንኑ ፔዳል ቁልቁል አዙሩና ድጋሚ ለኩ። ልዩነቱን ለሁለት ስታካፍሉ የክራንኩ ርዝመት ይወጣል። ልዩነቱ 34 ሳንቲ ከሆነ ክራንኩ 170 ሚሊ ነው።

አጭር ክራንክ ኃይል አይቀንስም?

ከሁሉም በላይ የሚመጣው ይሄ ጥያቄ ነው። ረጋ ብዬ ልመልሰው።

ረጅም ክራንክ በትንሽ ግፊት ይዞራል። ይሄ እውነት ነው። ከ172.5 ወደ 165 ብትወርዱ፣ በዚያው ማርሽ በዚያው ፍጥነት ለመሄድ ፔዳሉን 4.5 በመቶ ያህል ጠንከር አድርጋችሁ መርገጥ አለባችሁ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ያቆምና «በቃ ኃይል ቀነሰ» ይላል። ግን እግር የሚሄድበት መንገድም አብሮ አጥሯል። በ172.5 እግራችሁ በአንድ ዙር 108 ሳንቲ ገደማ ይጓዛል። በ165 ደግሞ 104 ሳንቲ ገደማ። ጠንከር ያለ ግፊት በአጭር መንገድ ሆነ፣ ላላ ያለ ግፊት በረጅም መንገድ ሆነ፣ ሥራው እኩል ነው።

ግፊቱ ከከበዳችሁ ደግሞ ማርሽ አለ። ከኋላ ከባለ 17 ጥርስ ወደ ባለ 19 አንድ ጊዜ ብትቀይሩ ግፊቱ 10 በመቶ ያህል ይቀልላል። ክራንኩ የጨመረባችሁን ከእጥፍ በላይ መለሳችሁት ማለት ነው። እግራችሁ ትንሽ ፈጠን ብሎ ይዞራል፣ እሱም አያስቸግርም። በ172.5 በደቂቃ 90 የሚዞር ሰው በ165 94 ቢዞር እግሩ የሚጓዝበት ፍጥነት አልተለወጠም። ክቡ ብቻ ነው የጠበበው።

ይሄ በጥናትም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ አንድ ጥናት 16 የሠለጠኑ ብስክሌተኞችን በአምስት ዓይነት ክራንክ ፈተነ፤ 120፣ 145፣ 170፣ 195 እና 220 ሚሊ። አጭሩና ረጅሙ መሀል የ10 ሳንቲ ልዩነት አለ። በአጭር ጊዜ ሊያወጡት የቻሉት ከፍተኛ ኃይል ግን ከምርጡ እስከ መጨረሻው 4 በመቶ ገደማ ብቻ ነው የተለያየው። ከ145 እስከ 195 ባሉት መሀል ይሄ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። እኛ የምንከራከረው ደግሞ በ5 እና በ7 ሚሊ ነው። ስለዚህ ክራንክ ስትመርጡ «የትኛው ኃይል ይሰጠኛል» የሚለውን ተዉት። ወሳኙ ነገር ሌላ ቦታ ነው ያለው።

ታዲያ ወሳኙ ነገር ምንድን ነው?

ቦታ። ጭን የሚገባበት ቦታ።

ቡና ሲፈላ ዝቅ ያለች ዱካ ላይ ቁጭ ብላችሁ ፍም ለማራገብ ጎንበስ ስትሉ የሚሆነውን አስቡት። ጉልበታችሁ ደረታችሁ ሊነካ ይደርሳል፣ ሆድ ይታፈናል፣ ትንፋሽ ያጥራል። ክሮኖ ሳይክል ላይ ፔዳሉ ከላይ ጫፍ ላይ በደረሰ ቁጥር የሚሆነው እሱ ነው። ክንዳችሁ ከፊት መሪው ላይ ባለው የክንድ ትራስ ላይ ተኝቷል፣ ጀርባችሁ ወርዷል፣ ከታች ደግሞ ጭናችሁ ወደ ሆዳችሁ እየመጣ ነው። ይሄ በደቂቃ ዘጠና ጊዜ፣ ለሰላሳና ለአርባ ደቂቃ ይደጋገማል። ዳሌና ጭን የሚሠሩት ማዕዘን ከመጠን በላይ ሲዘጋ ቂጥና ጭን ላይ ያሉት ትልልቅ ጡንቻዎች በደንብ መግፋት ያቅታቸዋል። መተንፈስም ይከብዳል። ሰውነት ሳያማክራችሁ ቀና ይላል። ቀና ስትሉ ደግሞ ነፋሱን በደረታችሁ ትቀበላላችሁ፤ ክሮኖ ላይ ትልቁ ጠላት ነፋስ ነው።

አጭር ክራንክ የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። ከ172.5 ወደ 165 ስትወርዱ ፔዳሉ ከላይ በ7.5 ሚሊ ዝቅ ይላል። ከታች ደግሞ በ7.5 ሚሊ ከፍ ይላል። እግራችሁ ከታች እንደ ድሮው እንዲዘረጋ ኮርቻውን በ7.5 ሚሊ ከፍ ታደርጉታላችሁ። ሁለቱን ደምሩ። ፔዳሉ ጫፍ ላይ ሲደርስ ከኮርቻው ያለው ርቀት 15 ሚሊ ጨምሯል። አንድ ሳንቲ ተኩል በወሬ ትንሽ ነው፤ ለታፈነ ሆድ ግን ብዙ ነው።

እሺ፣ ስንት ልምረጥ?

የእኔን ሐሳብ በግልጽ ላስቀምጥ። ቁመታችሁ ከ165 ሳንቲ በታች ከሆነ 160 ወይም 155 ፈልጉ። ካጣችሁ 165 ያዙ፣ ከዚያ በላይ ግን አትሂዱ። ከ165 እስከ 180 ሳንቲ ያላችሁ፣ ማለትም አብዛኞቻችን፣ 165 ሚሊ ይዛችሁ አትጸጸቱም። ከዚያ በላይ ያላችሁ ከ165 ወይም ከ170 ጀምሩ። ከ190 ሳንቲ ያለፈ ሰው 172.5 ቢይዝም አልቆጣም፣ ዳሌው እስካልታፈነ ድረስ።

የእግርን ርዝመት ከእንትን አብዝታችሁ አውጡ የሚሉ ቀመሮች ታገኛላችሁ። አንዱ ከብሽሽት እስከ ወለል ያለውን ርዝመት በ0.216 ያባዛል። ሌላው ከእግር ርዝመት 20 በመቶውን ይወስዳል። ብሽሽቱ 80 ሳንቲ ለሆነ ሰው የመጀመሪያው 173 ገደማ ሲሰጠው፣ ሁለተኛውን በዚያው ልኬት ብናሰላው 160 ይሰጠዋል። ሁለቱም ስለ እግር ብቻ ነው የሚጠይቁት። ሆዳችሁን፣ የወገባችሁን መተጣጠፍ፣ ምን ያህል ዝቅ ብላችሁ እንደምትነዱ አይጠይቁም። ክሮኖ ላይ ዋናው እሱ ነው።

በሁለት ልክ መሀል ከተወዛገባችሁ አጭሩን ያዙ። ለክሮኖ በዚህ አልደራደርም።

ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት ምን ልፈትሽ?

ጓደኛችሁን ጥሩ፤ ስልክ ይበቃችኋል። ሳይክሉን ሮለር (ቆሞ መንጃ) ላይ አውጡት። ሮለር ከሌለ ሁለት ሰው ከፊትና ከኋላ አጥብቆ ይያዝላችሁና ፔዳሉን ወደ ኋላ አዙሩ። የውድድር ልብሳችሁንና ጫማችሁን አድርጉ። ክንዳችሁን ትራሱ ላይ አስተኙ፤ ጭንቅላታችሁን እንደ ውድድር ቀን ዝቅ አድርጉ። ጓደኛችሁ ስልኩን በዳሌያችሁ ከፍታ ይዞ ከጎን ይቅረጽ። ከዚያ ከፊት፣ ከዚያ ከኋላ።

ከጎን ቪዲዮውን ቀስ አድርጋችሁ አጫውቱና ፔዳሉ ጫፍ ላይ ሲደርስ አቁሙት። ጭናችሁ ሆዳችሁን ወይም የታችኛውን የጎን አጥንት ይነካል? ከፊት ስታዩ ጉልበታችሁ ጫፍ ላይ ሲደርስ ወደ ውጭ እየተገረበበ ይወጣል? ያ ጉልበት ቦታ አጥቶ ማምለጫ እየፈለገ ነው። ከኋላ ስታዩ ዳሌያችሁ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል? ይሄ ግን ኮርቻው ከመጠን በላይ ከፍ ሲልም ይመጣልና ቶሎ ክራንክ ላይ አታላክኩት።

መንገድ ላይ ደግሞ ይሄን ሞክሩ። ጠዋት ነፋስ ሳይነሳ፣ ከባድ መኪና ሳይበዛ፣ ከኮምቦልቻ በሐርቡ መንገድ ውጡ። ወደ ሐርቡ ቁልቁለት ስለሚበዛው እዚያ የምታዩት ፍጥነት ያታልላችኋል። ስሜቱን ስትመለሱ አዳምጡት፤ ወደ ኮምቦልቻ ቀስ እያለ ሲወጣ። ቀና ብላችሁ ስትነዱ ሰላም ሆናችሁ፣ ዝቅ ስትሉ ግን በዚያው ፍጥነት ጭን ቶሎ የሚቃጠልና ትንፋሽ የሚያጥር ከሆነ ዳሌያችሁ ታፍኗል። አጭር ክራንክ የሚጠቅመው እንዲህ ያለውን ሰው ነው። ዝቅ ብላችሁም ያለችግር የምትነዱ ከሆነ ገንዘባችሁን ለጥሩ ጎማ አውሉት።

ክራንኩን ከቀየርኩ ኮርቻውን መንካት አለብኝ?

የግድ። ሰው በብዛት የሚረሳው ይሄን ነው። አጭር ክራንክ ገጥሞ ኮርቻውን በነበረበት ትቶ ይነዳና «አልተመቸኝም» ብሎ ይመልሰዋል። እግሩ ከታች ሳይዘረጋ እየረገጠ እንዴት ይመቸው?

መጀመሪያ፣ ምንም ሳትፈቱ፣ ከመሀል አክሱ እምብርት እስከ ኮርቻው አናት ያለውን ርቀት ለክታችሁ ጻፉ። የኮርቻውን ዘንግ በፕላስተር ምልክት አድርጉበት። ከዚያ ክራንኩ ባጠረበት ልክ ኮርቻውን ከፍ አድርጉ። 5 ሚሊ ካጠረ 5 ሚሊ።

ኮርቻው ከፍ ሲል ከፊት ያለው የክንድ ትራስ በዚያው ልክ ዝቅ ያለ ይሆናል። እዚህ ላይ ምርጫ አላችሁ። ትራሱንም በዚያው ልክ ከፍ ካደረጋችሁት ጀርባችሁ እንደነበረ ይቆያል፣ ዳሌያችሁ ግን ይከፈታል። ትራሱን ካልነካችሁት ጀርባችሁ ትንሽ ይወርዳል፣ ያገኛችሁትን ቦታ ነፋስን ለመሸሽ ተጠቀማችሁበት ማለት ነው። እኔ የምመክረው መጀመሪያ ትራሱን ከፍ አድርጋችሁ ሰውነታችሁ እንዲለምድ፣ ከዚያ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እያወረዳችሁ እንድትሞክሩ ነው። ሁለቱን በአንድ ቀን ከለወጣችሁ የትኛው እንደጠቀመና የትኛው እንደጎዳ አታውቁም።

ኮርቻውን ወደ ኋላ ማስሄድስ? ፔዳሉ ወደ ፊት ሲደርስ ክራንኩ ባጠረበት ልክ ወደ ኋላ ስለሚቀር አንዳንዱ ኮርቻውን በዚያው ልክ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ክሮኖ ላይ ባትነኩት ይሻላል። ወደ ኋላ ስትገፉት የከፈታችሁትን ዳሌ መልሳችሁ ትዘጋላችሁ።

ሐረጎን (የኮምቦልቻ–ደሴን ዳገት) ስወጣ አጭር ክራንክ አያደክመኝም?

አብሽሩ፣ ማርሽ እያለ አያደክምም። ከኮምቦልቻ ደሴ ስትወጡ በሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ትወጣላችሁ። እንዲህ ያለ ዳገት ላይ የሚወስነው ከኋላ ያለው ትልቁ ጥርስ ስንት ነው የሚለው ነው። ከኋላ ትልቁ ጥርሳችሁ 25 ከሆነና 172.5 ላይም እየከበዳችሁ ከነበረ፣ 165 ላይ ትንሽ ይብስባችኋል። ትልቁ ጥርሱ 28 የሆነ ካሴት (የኋላ ጥርሶች ስብስብ) ግጠሙበት። ከ25 ወደ 28 የሚሰጣችሁ ማቅለል ክራንኩ ከወሰደባችሁ ሁለት እጥፍ ይበልጣል።

አንድ ነገር ግን እውነት ነው። ከኮርቻ ተነስቶ በከባድ ማርሽ እየገፋ ዳገት መውጣት የለመደ ሰው መጀመሪያ ላይ አጭሩ ክራንክ «ባዶ ባዶ» ይለዋል። ቁጭ ብሎ ፈጠን አድርጎ መዞር ሲለምድ ይተወዋል።

ደግሞም ክሮኖ ሳይክል ይዞ ሐረጎ ላይ መለማመድን አልወደውም። መውጣቱ ይሁን። መውረዱን ነው የምፈራው። ጉም ሲወርድ ከፊት ያለው መኪና አይታይም፣ ጠመዝማዛ ነው፣ ክሮኖ መሪ ላይ ክንዱን ያስተኛ ሰው ደግሞ ፍሬኑ ከእጁ ሩቅ ነው። ስትወርዱ እጃችሁ ፍሬኑ ላይ ይሁን፤ ክንዳችሁን በፍጹም ትራሱ ላይ አታስተኙ።

ከፍታ ለውጥ ያመጣል? ደሴ ላይ አንድ፣ ኮምቦልቻ ላይ ሌላ ክራንክ?

አያመጣም። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ትጠጋለች፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 አካባቢ ናት። በባሕር ጠለል ካለው ጋር ሲነጻጸር ደሴ ላይ አየሩ ሩብ ያህል ስስ ነው፣ ኮምቦልቻ ላይ አንድ አምስተኛ ያህል። ስስ አየር የነፋሱን ግፊት ይቀንሳል፤ ሳንባ የሚያገኘውንም ኦክስጅን እንዲሁ ይቀንሳል። ለክራንክ ልክ የሚሰጠው የተለየ ቁጥር የለም። ትንፋሽ ውድ በሆነበት አገር ሆድን አፍኖ መንዳት ግን ኪሳራው ይብሳል። አጭሩን ያዙ የምለው አንዱ በዚህ የተነሳ ነው።

ትልልቆቹ ተወዳዳሪዎች ስንት ነው የሚይዙት?

ዘመን ተለውጧል። ስፔናዊው ሚጌል ኢንዱራይን እ.ኤ.አ. በ1994 የአንድ ሰዓት ክብረ ወሰን ሲሰብር 53.040 ኪሎ ሜትር የነዳው በ190 ሚሊ ክራንክ ነበር። ቁመቱ 1.88 ነው። ዛሬ ስሎቬኒያዊው ታዴይ ፖጋቻር 165 ሚሊ ይዞ ይወዳደራል፤ ከዚያ በፊት 172.5 ነበር። ሁለቱም አሸናፊ ናቸው። ከዚህ የምትወስዱት ቁጥራቸውን አይደለም። 190 ይዞም ማሸነፍ ከተቻለ፣ 165 ይዞም ከተቻለ፣ ርዝመቱ ብቻውን ማንንም አያፈጥንም። እያንዳንዱ ጎንበስ ብሎ መቆየት የቻለበትን ነው የያዘው።

ቁመቴ አጭር ነው፤ ሳይክሉ ግን 170 ይዞ መጣ።

ከሁሉም በላይ የምትጠቀሙት እናንተ ናችሁ። ብዙ ሴት ተወዳዳሪዎች ይሄ ችግር አለባቸው። ፍሬሙ ትንሽ፣ ክራንኩ የትልቅ ሰው። ቁመቷ 157 የሆነች ልጅና 185 የሆነ ልጅ አንድ ዓይነት 170 ክራንክ ሲያዞሩ ታያላችሁ። የሷ ጉልበት ጫፍ ላይ ሲደርስ የት እንደሚሄድ አስቡት። ከዚያ ላይ ትንሽ ፍሬም ላይ መሪው ሲዞር የጫማው ጫፍ የፊት ጎማውን ይነካል። አጭር ክራንክ ይሄንንም ያቀልላል። አሠልጣኞች፣ በእጃችሁ አንድ ባለ 160 ወይም ባለ 165 ክራንክ ካለ መጀመሪያ ለእነዚህ ልጆች ስጡ።

ክሮኖ ሳይክል የለኝም። ኮርስ ላይ የክንድ ማሳረፊያ ገጥሜ ነው የምወዳደረው።

ብዙዎቻችን እንዲሁ ነን። ሁሉም ነገር ለእናንተም ይሠራል፤ እንዲያውም ይብሳል። የኮርስ ሳይክል ኮርቻው ወደ ኋላ ያለ ነው፤ ከዚያ ላይ ክንዳችሁን ወደ ፊት ስታስተኙ ዳሌው የበለጠ ይታጠፋል። ክራንክ ከመግዛታችሁ በፊት ግን ነጻውን መፍትሔ ሞክሩ። ኮርቻውን ሐዲዱ እስከፈቀደ ወደ ፊት አምጡት፣ ትንሽም ከፍ አድርጉት። በዚህ ብቻ የተገላገለ አለ። ካልበቃ ክራንኩ ቀጣዩ ነው።

ቶርኖ ቤት ወስጄ ባሳጥረውስ?

እባካችሁ አታድርጉት። ከደሴም ከኮምቦልቻም ይሄ ጥያቄ ይመጣል። ለምን እንደሚመጣም ይገባኛል፤ ዕቃው ውድ ነው፣ በቀላሉም አይገኝም። ግን የዛሬ አልሙኒየም ክራንክ ብዙው ውስጡ ባዶ ነው ወይም ከኋላው የተቦረቦረ ነው። አዲስ ቀዳዳ የምትበሱበት ቦታ ላይ በቂ ብረት አይኖርም። ከተበሳም በኋላ አሮጌው ቀዳዳ አጠገቡ ይቀራል፤ ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ክራንክ ደግሞ የሚሰበረው ቆሞ ሳይሆን ሙሉ ክብደታችሁን ጥላችሁ ስትረግጡ ነው፣ ከኋላችሁ ሲኖትራክ እየመጣ። ካርቦን ክራንክ ከሆነ ጨርሶ አይታሰብም። ብየዳም እንዲሁ።

ጉልበቴን ያመኛል፤ አጭር ክራንክ ያድነኛል?

ሊያቀልል ይችላል። ፔዳሉ ጫፍ ላይ ሲደርስ ጉልበት የሚታጠፍበትን መጠን ይቀንሳል። ግን የጉልበት ሕመም ከኮርቻ ዝቅ ማለት፣ ከጫማው አገጣጠም፣ ልምምድን በአንድ ጊዜ ከማብዛትም ይመጣል። ኮርቻውን ፈትሹ፣ ልምምዱን ቀንሱ፣ ካልተሻላችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ክራንክ መድኃኒት አይደለም።

ስቀይር ምን ልጠንቀቅ?

መጀመሪያ ፔዳሉን። የቀኙ ፔዳል እንደማንኛውም ብሎን ወደ ግራ ሲዞር ይፈታል። የግራው ግን ተቃራኒ ነው፤ ወደ ቀኝ ሲዞር ነው የሚፈታው። ይሄን ሳያውቅ ታግሎ የክራንኩን የብሎን ጥርስ የበላ ብዙ ነው። ፔዳሎቹን ስትመልሱ ጥርሳቸውን ግሪስ ቀቡ፣ መጀመሪያ በእጃችሁ አስገቡ። በእጅ አልገባ ካለ አጣማችሁታል ማለት ነው።

አሮጌው ባለ አራት ማዕዘን አክስ ከሆነ የክራንክ መንቀያ ያስፈልጋል። በመዶሻ አትምቱት። ወፍራምና ውስጡ ባዶ የሆነ አክስ ያለው ሺማኖ ከሆነ በግራ ክራንክ ላይ ያሉትን ሁለት ብሎኖች እያፈራረቃችሁ አላሉ፣ ከዚያ የጎኑን ክዳን ንቀሉ። ስታጠብቁም እያፈራረቃችሁ ነው፣ ከ12 እስከ 14 ኒውተን ሜትር። የግራ ክራንክ ላልቶ መንዳት ጥርሱን ይበላዋል፣ ከዚያ ዋጋ የለውም። ከመጀመሪያው መንዳት በኋላ ድጋሚ ፈትሹት።

የኃይል መለኪያ አለኝ። የሚነካው ነገር አለ?

ፔዳሉ ላይ ያለ መለኪያ ከሆነ አዎ። የክራንኩን ርዝመት መሣሪያው ውስጥ አስተካክሉ። 165 ገጥማችሁ መሣሪያው 172.5 እንደሆነ ካሰበ ኃይላችሁን 4.5 በመቶ አብዝቶ ያሳያችኋል። ደስ የሚል ቁጥር ነው፣ ግን ውሸት ነው።

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ አለኝ። ምን ብዬ ልዘዘው?

«165 ክራንክ አምጣልኝ» ብቻ ካላችሁ የማይገጥም ዕቃ ይዞ ይመጣል። አሁን ያለውን ክራንክ ከሁለቱም ጎን ፎቶ አንሱና ላኩ። የመሀል አክሱን ዓይነት ጻፉ፤ ባለ አራት ማዕዘን ነው፣ የሺማኖ 24 ሚሊ ነው፣ ወይስ ስራም የተባለው ፋብሪካ «ዱብ» የሚለው 28.99 ሚሊ? የተለያዩ ናቸው፤ አንዱ የሌላው ኩሽኔታ ውስጥ አይገባም። የኋላው ካሴት ስንት ጥርስ ረድፍ እንዳለው ጻፉ፣ 10 ይሁን 11 ወይም 12። የፊት ጥርሶቻችሁን ልታሸጋግሩ ካሰባችሁ የሚታሰሩባቸውን ብሎኖች ብዛትና ርቀት ጨምሩ። ያገለገለ ዕቃ ከሆነ የፔዳሉን ቀዳዳና ሁለቱንም ክንድ ከቅርብ ፎቶ አንሥቶ እንዲልክላችሁ ጠይቁ። ቀዳዳው ዙሪያ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ካያችሁ አትግዙ።

ከውድድር ምን ያህል ቀድሜ ልቀይር?

ቢያንስ አንድ ወር። የመጀመሪያዎቹ ቀናት እግር እየተቆራረጠ የሚዞር ይመስላል፣ ጭን ከወትሮው ሌላ ቦታ ላይ ይዝላል። በቀላል መንዳት ጀምሩ። በሁለተኛው ሳምንት ዝቅ ብላችሁ ለአጭር ጊዜ ጠንከር ያለ ልምምድ አስገቡ። ውድድሩ የፊታችን እሑድ ከሆነና ክራንኩ ዛሬ ከደረሰላችሁ፣ በካርቶኑ እንዳለ አስቀምጡት። እሑድን በለመዳችሁት ንዱ፣ ሰኞ ግጠሙት።